አሮጌ ተርቦ መለየትና ለሞተር መመጠን (ለ1ኤችዜድ ላንድክሩዘር ተሰልቶ)

አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣልኛል፦ ሶማሌ ተራ (የመኪና መለዋወጫ ገበያ) የተነሳ፣ ጥቀርሻ የለበሰ የተርቦ ፎቶ፣ ከሥሩም «ይሄ ለላንድክሩዘሬ ይሆናል?» የሚል መስመር። መልሱ ከፎቶ አይገኝም። ተርቦ በሞተሩ ጭስ እየተሽከረከረ ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚጨምቅ ዕቃ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ሁሉም ቀንድ አውጣ ነው። ለሞተሩ መሆን አለመሆኑን የሚወስኑት በውስጡ ያሉት የሁለቱ ፋኖች ልክ፣ የጭሱ ቀፎ ጥበትና ሞተሩ በደቂቃ የሚስበው አየር ናቸው። እነዚህ ደግሞ ወይ በካሊፐር ይለካሉ፣ ወይ በካልኩሌተር ይሰላሉ።

ምሳሌ ያደረግሁት ቶዮታ 1ኤችዜድን ነው፤ ጥያቄው በብዛት የሚመጣው ከእሱ ባለቤቶች ስለሆነ። ሌላ ሞተር ያላችሁ ቁጥሮቹን ብቻ ቀይሩ፣ መንገዱ ያው ነው። ከዚህ በታች አየር የሚጨምቀውን ወገን «የአየሩ ጎን»፣ በጭስ የሚሽከረከረውን «የጭሱ ጎን» እላለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካሊፐር፣ የሚቻል ከሆነ ከነማግኔቱ የሚቆም ዳያል ጌጅ
- የእጅ ባትሪ እና ትንሽ መስታወት
- ለስላሳ ብሩሽ፣ ነጭ ጋዝ፣ ጨርቅ
- ነጭ ጠመኔ (የተፋቀ ጽሑፍ ለማንበብ)
- ካርቶን፣ እርሳስ፣ ካልኩሌተር
- ፎቶ የሚያነሳ ስልክ

ማስጠንቀቂያ፦ አሮጌ የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። በደረቁ በሽቦ ብሩሽ አትፈግፍጉት፣ በኮምፕረሰርም አትንፉት፤ አርጥባችሁ አንሱት። ፋኑን በኮምፕረሰር አየር ማሽከርከርም ክልክል ነው። ዘይት የሌለው ኩሽኔታ ላይ ዘንጉ በሰከንዶች ውስጥ ብዙ ሺህ ዙር ይደርሳል፤ ደህና የነበረውን ተርቦ እዚያው ገበያ ላይ ትገድሉታላችሁ።

1. መጀመሪያ የሞተሩን ቁጥሮች ጻፉ

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት አራት ነገር በወረቀት ላይ ይኑር፦ የሞተሩ መጠን በሊትር፣ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጥበት ዙር፣ ሲሠራ ተርቦ ነበረው ወይስ አልነበረውም፣ መኪናው የሚውልበት ከፍታ። ይህ ወረቀት ከሌለ ሻጩ ያለውን ይሸጥላችኋል።

1ኤችዜድ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲ.ሲ ናፍጣ ሞተር ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 94 ሚ.ሜ፣ የፒስተኑ ምት 100 ሚ.ሜ። ከፋብሪካ ያለ ተርቦ የወጣ ነው። ናፍጣው የሚረጨው በቀጥታ ፒስተኑ አናት ላይ ሳይሆን ቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው፤ የመጭመቅ መጠኑም ከ22 ለ1 በላይ ነው። ሁለቱ ተደምረው ሙቀቱን ቴስታታው ላይ ያከማቹታል፤ ስለዚህ ተርቦው የሚጨምረውን ግፊት በልክ መያዝ ግድ ነው። እኔ ለጤነኛ 1ኤችዜድ ከ0.6 ባር በላይ አላሰላም። ለስሌቱ የምንይዘው ዙር 3,600 ነው።

ከፍታው ሰዎች የሚረሱት ቁጥር ነው። የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ወደ 101 ኪሎፓስካል ነው። ድሬዳዋ ላይ ወደ 88፣ ባሕር ዳር ከተማ ላይ ወደ 81፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ 76 ይወርዳል። አዲስ አበባ ያለው ሞተራችሁ ተርቦ ሳይገባለት ሩብ የሚሆን አየሩን አጥቷል ማለት ነው። ይህ ተርቦውን ሲመጥኑ ምን እንደሚያመጣ ቁጥር 6 ላይ ታዩታላችሁ።

2. ሰሌዳዋን ፈልጉና አንብቡ

አብዛኛው ተርቦ በአየሩ ቀፎ ላይ በትንንሽ ብሎን ወይም ሪቬት የተያዘች የብረት ሰሌዳ አለችው። በጨርቅና በነጭ ጋዝ አጽዱ፤ ፊደሉ ከተፋቀ ጠመኔ ቀብታችሁ ላዩን ብቻ ጥረጉት፣ ጎድጓዳው ውስጥ የቀረው ነጭ ፊደሉን ያወጣዋል። ከዚያ ባትሪውን በጎን አብርታችሁ ፎቶ አንሱ። የቁጥሩ አጻጻፍ እንደ ተርቦው ሠሪ ይለያያል፤ የተለመዱት እነዚህ ናቸው።

ቶዮታ፦ ቁጥሩ በ17201 ይጀምራል፤ ይህ «ተርቦ» ማለት ብቻ ነው። ከሰረዙ በኋላ ያሉት ሁለት አሃዞች የሞተሩን ቤተሰብ ይነግሯችኋል። 17 ከሆነ የ1ኤችዲ ወገን ነው፣ 54 የኤል ሞተሮች፣ 67 የኬዜድ፣ 30 የኬዲ፣ 42 የ7ኤም፣ 74 የ3ኤስ። ለምሳሌ 17201-17010 ከ1ኤችዲ-ቲ (ባለ ተርቦ የ1ኤችዜድ ወንድም) የወረደ፣ ቶዮታ ሲቲ26 የሚለው ተርቦ ነው፤ 17201-54060 ደግሞ ከ2ኤል-ቲ የወረደ ሲቲ20። «ሲቲ26 ነው» የሚለው የሻጭ ቃል ብቻውን አይበቃም። ሲቲ26 በናፍጣው 1ኤችዲ-ቲ ላይም፣ በቤንዚኑ 7ኤም-ጂቲኢና 3ኤስ-ጂቲኢ ላይም ገብቷል፤ የጭሱ ቀፎና አፉ ግን አንድ አይደለም።

ጋሬት፦ ስድስት አሃዝ፣ ሰረዝ፣ አራት አሃዝ። ከሰረዙ በኋላ ያለው የዝርያው ተራ ቁጥር ነው፤ 0001 እና 5001ኤስ የአንድ ተርቦ ሁለት አጻጻፍ ናቸው፣ እንዳያደናግራችሁ። 0001 እና 0002 ግን የተለያዩ ናቸው፤ ልዩነቱ ቀፎው ላይ ሊሆን ይችላል።

ሚትሱቢሺ፦ በ49177 የሚጀምር ቲዲ04 ነው፣ በ49178 የሚጀምር ቲዲ05። ሰሌዳው ላይ «ቲዲ05ኤች-14ቢ-6» ዓይነት ጽሑፍ ካገኛችሁ 14ቢ የአየሩን ፋን፣ የመጨረሻው 6 የጭሱን ቀፎ ጉሮሮ በካሬ ሴንቲ ሜትር ይገልጻል።

ኬኬኬ፦ ቁጥሩ በ53 ይጀምራል፣ ቀጥለው ያሉት ሁለት አሃዞች መጠኑ ናቸው። 5324 ኬ24፣ 5326 ኬ26።

አይኤችአይ፦ እንደ አርኤችቢ5 ያለ የቤተሰብ ስምና በሁለት ፊደል የሚጀምር አጭር መለያ አለው። የኢሱዙ 4ጄቢ1-ቲ አርኤችቢ5 ገበያ ላይ በብዛት ይታያል።

ሰሌዳዋ የምትነግራችሁ ተርቦው ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ ተፈትቶ የሌላ ቀፎ ገብቶለት ሊሆን ይችላል፤ ሰሌዳዋ ያለችው ደግሞ በቀላሉ በሚቀየረው በአየሩ ቀፎ ላይ ነው። ቀጣዮቹን ሁለት ደረጃዎች መዝለል የማይቻለው ለዚህ ነው።

3. ቀፎው ላይ የተቀረጸውን አንብቡ

የጭሱን ቀፎ አፍ ዙሪያና ጎኑን አጽዱ። አሮጌ ጋሬት ላይ «ኤ/አር» ተብሎ ቁጥር ተቀርጿል። በቲ3 ቤተሰብ የጭሱ ቀፎ .36፣ .48፣ .63 ወይም .82፣ የአየሩ ቀፎ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ .42 ወይም .60 ነው። ቁጥሩ የጉሮሮው ስፋት ከዘንጉ መሐል እስከ ጉሮሮው መሐል ባለው ርቀት ተካፍሎ የሚገኝ ነው። ትንሽ ቁጥር ጠባብ ጉሮሮ ነው፤ ጭሱ ፈጥኖ ይመታል፣ ተርቦው በዝቅተኛ ዙር ይነሳል፣ በከፍተኛ ዙር ግን ሞተሩን ያንቃል። ትልቅ ቁጥር ተቃራኒው ነው።

አይኤችአይ ይህንኑ በ«ፒ» ቁጥር ይጽፈዋል (ፒ12፣ ፒ15፣ ፒ18)፣ ሚትሱቢሺ በካሬ ሴንቲ ሜትር። የአንዱን ቁጥር ከሌላው ፋብሪካ ቁጥር ጋር አታወዳድሩ፤ መለኪያቸው የተለያየ ነው።

4. ፋኖቹን ለኩ

የአየሩን ቀፎ ክፈቱ፤ ብዙውን ጊዜ በቀለበት ወይም በስድስት ብሎን የተያዘ ነው። ከመፍታታችሁ በፊት ቀፎውንና መሐሉን የሚያሻግር መስመር በጭረት ምልክት አድርጉ፣ ካልሆነ ሲመለስ አቅጣጫው ይጠፋል። የአየሩን ፋን የያዘችውን ዳዶ ግን አትንኩ። ዘንጉና ፋኑ አንድ ላይ ሆነው ሚዛናቸው ተስተካክሎ የተገጠሙ ናቸው፤ በብዙዎቹ ላይ ጥርሱ የግራ ስለሆነ በግምት የሚፈታ ሰው ዘንጉን ይሰብረዋል።

ከአየሩ ፋን ሁለት ልክ ውሰዱ፦ አየር የሚገባበት ትንሹ ስፋትና ከታች ያለው ትልቁ ስፋት። ትንሹን ለትልቁ አካፍሉ፣ ውጤቱን በራሱ አባዙ፣ ከዚያ በ100 አባዙ። የሚገኘው ቁጥር ትሪም ይባላል። ትንሹ 46.5 ሚ.ሜ፣ ትልቁ 60.1 ሚ.ሜ ከሆነ 46.5÷60.1=0.774፣ በራሱ ሲባዛ 0.599፣ ማለትም ትሪም 60። ይህ የታወቀው ቲ3 ባለ 60 ትሪም ነው። ከጭሱ ፋንም ሁለቱን ልክ ውሰዱ፤ እዚያ ጭሱ የሚገባው በትልቁ፣ የሚወጣው በትንሹ በኩል ነው።

የለካችሁት ከሰሌዳዋ ጋር ካልገጠመ እውነቱ ካሊፐሩ ነው። ሰሌዳዋን እርሱና በልኩ ቀጥሉ።

5. ጤንነቱን መርምሩ

ዘንጉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፉ። ይህ እንቅስቃሴ በእጅ ሊሰማ የማይገባ ያህል ትንሽ ነው፤ በዳያል ጌጅ ከ0.1 ሚ.ሜ ካለፈ ተርቦው ሳይታደስ አይገጠምም። ወደ ላይና ወደ ታች ግን ትንሽ መላወስ ጤና ነው። አሮጌ ተርቦ በዘይት ላይ የሚንሳፈፍ ኩሽኔታ ስላለው ሲደርቅ ይላወሳል፤ ብዙ ሰው ይህን አይቶ ደህናውን ይጥላል። ወሳኙ ፈተና ዘንጉን ወደ ጎን ገፍታችሁ ስታሽከረክሩ ፋኑ ቀፎውን መንካቱ ነው። ከነካ፣ ወይም ቀፎው ውስጥ የሚያብለጨልጭ የመፋቅ ምልክት ካለ፣ ተዉት።

የጭሱን ቀፎ በባትሪ እዩ። በግፊት መልቀቂያው (ግፊቱ ሲበዛ ጭሱን በፋኑ ሳያሳልፍ የሚያስወጣው በር) ቀዳዳ ዙሪያ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ በአሮጌ ተርቦ ላይ የተለመደ ነው፣ ይታለፋል። እስከ ውጭ የዘለቀ ወይም አፉን የቆረጠ ስንጥቅ አይታለፍም።

6. ሞተሩ የሚፈልገውን አየር አስሉ

ሥራው እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ።

ሀ. ሞተሩ በደቂቃ የሚውጠው፦ አራት ምት ያለው ሞተር በየሁለት ዙሩ አንዴ ይሞላል። 4.164 ሊትር × 3,600 ÷ 2 = 7,495 ሊትር። ሙሉ በሙሉ ስለማይሞላ በ0.85 አባዙት፦ ወደ 6,370 ሊትር፣ ማለትም 6.37 ሜትር ኩብ በደቂቃ።

ለ. የግፊት ንጽጽር (ተርቦው የሚያወጣው ግፊት ለሚስበው ሲካፈል)፦ አዲስ አበባ ላይ 76 ኪሎፓስካል፣ ሲደመር 0.6 ባር (60 ኪሎፓስካል) 136። ኢንተርኩለሩ (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) ወደ 5 ይበላል፣ ስለዚህ ተርቦው 141 ማውጣት አለበት። የአየር ማጣሪያው ደግሞ ወደ 2 ስለሚይዝ ተርቦው የሚስበው 74 ነው። 141÷74=1.9።

ሐ. ክብደቱ፦ ከኢንተርኩለር በኋላ አየሩ 55 ዲግሪ ነው እንበል። 0.287 የአየር ቋሚ ቁጥር ነው፣ 273 ዲግሪውን ወደ ኬልቪን ይቀይራል። 136 ÷ (0.287 × (55+273)) = 1.445 ኪሎ በሜትር ኩብ። በ6.37 ሲባዛ 9.2 ኪሎ በደቂቃ፣ በ2.205 ተባዝቶ 20.3 ፓውንድ በደቂቃ። ወደ ፓውንድ የምንቀይረው የጋሬት የአየር ካርታዎች (ተርቦው በየትኛው የግፊት ንጽጽርና የአየር መጠን በደህና እንደሚሠራ የሚያሳዩ ሥዕሎች) በዚያ ስለሚጻፉ ነው።

መ. ለከፍታ ማረም፦ ካርታው የተሠራው አዲስ አበባ አይደለም። በጋሬት ካርታዎች የተለመደው መነሻ 96.2 ኪሎፓስካልና 303 ኬልቪን ነው፤ ካርታው ላይ ሌላ ከተጻፈ የተጻፈውን ያዙ። 20.3 × (96.2÷74) × √(295÷303) = ወደ 26 ፓውንድ። 295 ማለት 22 ዲግሪ የሆነ የውጭ አየር ነው።

አሁን ያንኑ መኪና ጅቡቲ ላይ አስሉት። 101 ሲደመር 60፣ 161 ነው፤ ንጽጽሩ 166÷99፣ ወደ 1.68 ይወርዳል። አየሩ ስለሚሞቅ ከኢንተርኩለር በኋላ 65 ዲግሪ፣ ከውጭ 35 ዲግሪ ብትይዙ በካርታው ላይ ወደ 23 ፓውንድ ታገኛላችሁ። ግፊቱ በጌጅ ላይ ያው 0.6 ሆኖ ሳለ አዲስ አበባ ያለው ተርቦ በካርታው ላይ ከፍ ብሎም ወደ ቀኝ ርቆም ይሠራል፤ ዘንጉ በበለጠ ፍጥነት ይሽከረከራል ማለት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ልክ የሆነ ትንሽ ተርቦ ደጋ ላይ ከአቅሙ በላይ የሚሮጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሠ. የዝቅተኛውን ዙር ነጥብም ያዙ። በ1,800 ዙር፣ በ0.4 ባር ያው ስሌት ወደ 1.6 ንጽጽርና ወደ 11 ፓውንድ ይሰጣል። ሁለተኛው ነጥብ ካልተሰላ ተርቦው ትልቅ መሆኑን የምታውቁት ዳገት ላይ፣ አየሩ ወደ ኋላ እየተመታ ሲያጓራ ብቻ ነው።

7. ከተርቦው ጋር አገጣጥሙ

የተርቦው ካርታ ከተገኘ ሁለቱን ነጥቦች አስቀምጡ። ሁለቱም ከግራው የመንቀጥቀጥ መስመር (አየሩ ወደ ኋላ መመታት የሚጀምርበት) በስተቀኝ መውደቅ አለባቸው፤ የከፍተኛው ዙር ነጥብ ደግሞ ከቀኙ ጠርዝ ሳይደርስ፣ በመካከለኛዎቹ የብቃት ቀለበቶች ውስጥ ይሁን።

ለአሮጌ የጃፓን ተርቦ ካርታ ማግኘት ብርቅ ነው። ያን ጊዜ የወረደበትን ሞተር በፊደል «ሀ» ስሌት ለኩት፦

- 2ኤል-ቲ (ሲቲ20)፦ 2.446 × 4,000 ÷ 2 × 0.85 = 4.16 ሜትር ኩብ
- 1ኤችዲ-ቲ (ሲቲ26)፦ 4.164 × 3,600 ÷ 2 × 0.85 = 6.37
- 7ኤም-ጂቲኢ (ሲቲ26)፦ 2.954 × 5,600 ÷ 2 × 0.85 = 7.03

የእናንተ 6.37 ነው። ሲቲ20 አንድ ሦስተኛ ያህል ይጎድለዋል፤ ገበያ ላይ ርካሽ ቢሆንም ለ1ኤችዜድ አይሆንም። የ1ኤችዲ-ቲው ለሞተራችሁ ወንድም የተሠራ ነው፤ የአየሩም የጭሱም ጎን ይቀርባችኋል። የ7ኤም-ጂቲኢው በአየር በኩል የሚሆን ይመስላል፤ ነገር ግን የጭሱ ጎን የተመጠነው ለቤንዚን ሞተር ትኩስ ጭስ ነው። የናፍጣ ጭስ ቀዝቀዝ ስለሚል ጉልበቱ ያንሳል፤ ተርቦው ዘግይቶ ይነሳል።

8. የጭሱን ቀፎ ምረጡ

ምርጫ ካላችሁ፣ በጋሬት ቲ3 ለዚህ ሞተር ከ.63 እጀምራለሁ። .48 በከተማ ደስ ይላል፤ ረጅም ዳገት በጭነት ሲወጣ ግን ጭሱ መውጫ አጥቶ ሙቀቱ ቴስታታው ላይ ይቀራል። .36 አይታሰብም።

ትክክል መሆኑን ማረጋገጫው ከጭሱ ማኒፎልድ (ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ሰብስቦ ለተርቦው የሚያደርሰው) ላይ ግፊት መለካት ነው። የጭሱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ሁለት እጥፍ ካለፈ ቀፎው ጠቧል።

9. አፎቹንና ቱቦዎቹን አወዳድሩ

ካርቶኑን አፉ ላይ አድርጉና ቀዳዳዎቹን በእርሳስ አውጡ፤ ከማኒፎልዳችሁ ጋር የሚገጥመው ወይም ለአስማሚው የሚሰጠው ይህ ቅርጽ ነው። ውኃ የሚገባበት ቀዳዳ ካለው አትድፈኑት፣ ከራዲያተሩ መስመር አገናኙት። የዘይት መመለሻው ቱቦ ወፍራም ሆኖ ያለምንም መታጠፊያ ቁልቁል መውረድ አለበት፤ ዘይቱ ከተርቦው የሚወጣው አረፋ ሆኖ፣ ያለ ግፊት፣ በክብደቱ ብቻ ነው። መመለሻው ከጠበበ ዘይቱ በማኅተሙ በኩል ይወጣና ጥፋቱ በተርቦው ይሳበባል።

ማስጠንቀቂያ፦ ተርቦው ተገጥሞ የናፍጣ ፖምፓው ከመነካቱ በፊት የጭስ ሙቀት መለኪያ ከተርቦው በፊት ይግባ። በ1ኤችዜድ ላይ ከ650 ዲግሪ በላይ በረጅም ዳገት እንዲቆይ አልፈቅድም።

የተለመዱ ስህተቶች

- በ17201-30 የሚጀምር የ1ኬዲ ተርቦ መግዛት። ሲቲ16ቪ ውስጡ የሚንቀሳቀሱ ክንፎች አሉት፣ የሚያዛቸውም ኮምፒውተር ነው። 1ኤችዜድ ላይ ያ ኮምፒውተር የለም፤ ክንፎቹ ባሉበት ይቀራሉ።
- ከጭነት መኪና የወረደ ትልቅ ተርቦ «ጉልበት ይሰጣል» ብሎ መግጠም። በ1,800 ዙር ባዶ ነው፣ እናንተ የምትነዱት ደግሞ እዚያ ነው።
- ሁለት መግቢያ ያለው የጭስ ቀፎ (በአንዳንድ 3ኤስ-ጂቲኢ ላይ እንዳለው) ባለ አንድ መግቢያ ማኒፎልድ ላይ ማሰር። አካፋዩ ግድግዳ የጭሱን መንገድ ይቆርጠዋል።
- ግፊቱን አዲስ አበባ ላይ አስተካክሎ ቆላ መውረድ። የግፊት መልቀቂያው ስፕሪንግ የሚለካው ከውጭው አየር ጋር እያነጻጸረ ነው፤ ጌጁ 0.6 እንዳለ ቢቆይም ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ከ136 ወደ 161 ኪሎፓስካል ያድጋል። ወደ ጅቡቲ መስመር የሚሠራ መኪና ከሆነ ግፊቱን ለቆላው አስተካክሉ፤ ደጋ ላይ የሚጎድለውን ጥቂት ጉልበት ተዉት።